ስለ "የነሐሴ ገና" ለጻፋችሁልኝ ሁሉ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ትንሽ ቦታ ተርፎኝ አንድ የድሮ የኮሪያ ፊልም በሁለት መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። "ክሪስማስ ኢን ኦገስት" ይባላል፣ በኛ የነሐሴ ገና በሉት፣ በፈረንጆቹ 1998 የወጣ 97 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ጸጥ ያለ የፍቅር ፊልም ነው፣ እዩት፣ ብዬ በቃ። ከዛ በኋላ የመጣልኝ መልዕክት ግን ስለ አዳዲሶቹ ድራማዎች ገጽ ሙሉ ስጽፍ እንኳን መጥቶልኝ አያውቅም፣ ግማሹ "ምንድነው እሱ ደሞ?" ባይ ነው፣ ግማሹ አይቶት የተናደደ ነው፣ ሁለት ሦስት ሰው ደግሞ እያለቀሰ ነው የጻፈልኝ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ከሦስተኛው ጥያቄ ጀምሮ ታሪኩ መውጣቱ ስለማይቀር ያላያችሁ ሰዎች ሁለተኛው ላይ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ፣ መጽሔቱ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። እኔና ጓደኞቼ ያላየነው ኬ ድራማ የለም ማለት ይቻላል፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ አሁን አሁን ሰልችቶኛል። ሁሌ የሀብታም ልጅ፣ ሁሌ መኪና ይገጨውና ይረሳታል፣ ሁሌ ሊያልቅ ሲል ይለያዩና በመጨረሻው ኤፒሶድ ይታረቃሉ። ይሄ ያልሽው ፊልም ምን የተለየ ነገር አለው? ታሪኩን ሳትነግሪኝ አሳምኚኝ።
ሱሰኛዋ

መልስ፦ አንቺ ሱሰኛ፣ ታሪክ ሳይነግሩ ማሳመን እንዴት ይሆናል እስኪ! ትንሽ ልንገርሽና የቀረውን ራስሽ ድረሺበት።

ጆንግወን የሚባል ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ያላገባ ሰውዬ አለ፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። ሰው ካሜራውን ይዞ መጥቶ ፊልም የሚያሳጥብበት፣ ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ፀጉሩን አበጥሮ የሚቀመጥበት ዘመን ነው። ዳሪም የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ናት፣ ያለቦታቸው የቆሙ መኪኖችን ፎቶ እያነሳች ትቀጣለች፣ ስለዚህ ፎቶዎቹን ለማሳጠብና ለማሳደግ እሱ ጋ መመላለሷ የግድ ነው። ሰውየው ታሟል፣ እንደማይድንም ያውቃል። ይሄ ስፖይለር አይደለም፣ ፊልሙ ራሱ ገና ሲጀምር አይደብቅሽም። የበሽታውን ስም ግን እስከመጨረሻው አይነግሩሽም፣ ዶክተሩ ወረቀት ገልጦ "የቀረህ ጊዜ ይሄን ያህል ነው" የሚልበት ሲንም የለም።

መጀመሪያ የሚገናኙበትን ብቻ ልንገርሽ። ጆንግወን ከቀብር መመለሱ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ደክሞታል። ዳሪም ትገባና ይሄን ፎቶ ቶሎ አሳድግልኝ ትላለች፣ እሱ ቆየት ብለሽ ነይ ይላታል፣ ፊቱም አያምርም። ልጅቷ ትወጣና ውጪ ዛፍ ጥላ ስር ትቆማለች። ከውስጥ ሆኖ ያያታል፣ ትንሽ ይከፋዋል፣ ከዛ ወጥቶ አይስክሬም ገዝቶ ይሰጣታል። በቃ። ስሎው ሞሽን የለ፣ እጅ ጎትቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለ፣ ከኋላ ዘፈን አይነሳ። ሁለት ሰዎች ቆመው አይስክሬም ይበላሉ፣ አንቺ ደግሞ ምን እንደነካሽ ሳታውቂ ፈገግ ብለሽ ራስሽን ታገኚዋለሽ። ከዚህ በኋላ ባለው ፊልም ሙሉ አንድም ጊዜ አይሳሳሙም፣ አንዳቸውም ለሌላው እወድሃለሁ እወድሻለሁ ብለው አያወሩም።

ተዋናዮቹን ለምታውቂ ሰው፣ ጆንግወንን የሚጫወተው ሃን ሶክ ክዩ ነው፣ በዛ ጊዜ ኮሪያ ውስጥ ከሱ በላይ የሚፈለግ ወንድ ተዋናይ አልነበረም ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም፣ በሚቀጥለው ዓመት "ሺሪ" የሚባለው የስለላ አክሽን ላይ ሽጉጥ ይዞ ታገኚዋለሽ። ዳሪም ሺም ኡን ሃ ናት፣ ከዚህ ፊልም በኋላ ጥቂት ዓመት ሠርታ ስሟ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ትወናውን ጥላ ወጣች፣ አሁንም ድረስ ሰው ትመለስ ይሆን እያለ ያወራል። ዳይሬክተሩ ሆ ጂን ሆ ሲሆን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ይሄ ነው። የወጣበት ወር ጃንዋሪ 1998 ነው፣ ኮሪያ ገንዘቧ ወድቆ አይ ኤም ኤፍ በር ላይ ከቆመች ገና ሁለት ወር ገደማ ሲሆናት ማለት ነው፣ ሰው ከሥራ እየተባረረ ፊልም ቤት ገብቶ ይሄን አየ። በዛው ዓመት ብሉ ድራጎን በሚባለው የኮሪያ የፊልም ሽልማት ላይ ምርጥ ፊልም ተባለ፣ ካን ፌስቲቫልም የተቺዎች ሳምንት ላይ ታየ። እዛ አገር እንግዲህ የተደበቀ ፊልም አይደለም፣ በ2013 አጽድተው እንደገና ሲኒማ ቤት አስገብተውታል። ከኛ ከኬ ድራማ በር ከገባነው ነው የተደበቀው፣ ምክንያቱም እነዚህን እዩ የሚሉን ሊስቶች ሁሉ የሚጀምሩት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳን ልናደድ ነው የምጽፍልሽ። አንቺን አምኜ ከፈትኩት፣ 40 ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ምንም አይፈጠርም እኮ! ፎቶ ያነሳል፣ ቤቱ ይገባል፣ ከእህቱ ጋር ሀብሀብ እየበላ ፍሬውን ይተፋል። ይሄ ፊልም ነው?
እንቅልፋሙ

መልስ፦ ወንድሜ ሀብሀቡን ካስታወስክ ብዙም አልተኛህም።

ሳልዋሽህ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ወድቄያለሁ። ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠችኝ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ስልኬ እጄ ላይ፣ ሳብታይትሉ ደግሞ ከድምፁ ሦስት ሰከንድ የሚዘገይ፣ ሰውየው ሲስቅ አሳዛኙ ቃል ይመጣል ሲያዝን ቀልዱ ይመጣል፣ ግማሹ ላይ ዘግቼው ተኛሁ። ለጓደኛዬ "ቆንጆ ነው" አልኳት፣ ውሸት ነበር። ከወራት በኋላ ነው ደግሜ የከፈትኩት፣ ያን ቀን ኢንተርኔት ስለጠፋ ሌላ የማይ ነገር አልነበረኝም።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ድራማ አስለምዶናል። መቼ ማልቀስ እንዳለብህ ፒያኖው ይነግርሃል፣ ማን እንደሚዋሽ ካሜራው ፊቱ ላይ ተጠግቶ ይነግርሃል። እዚህ ማንም ምንም አይነግርህም። ካሜራማኑ ዩ ዮንግ ጊል ትልቅ ሰው ነበር፣ ብዙ ዓመት የሠራ፣ ይሄ የመጨረሻ ፊልሙ ሆኖ በዛው በ1998 አረፈ። ካሜራውን አንድ ቦታ ያቆመዋል፣ በር ላይ፣ መስኮት ባሻገር፣ መንገድ ማዶ፣ ከዛ ሰዎቹ ገብተው እስኪወጡ ይጠብቃል። ልክ ጎረቤት ሆነህ በመስኮት እንደምታይ ነው። ጎረቤት ደግሞ ሚስጥሩን ሁሉ አይነግርህም።

ሀብሀቡን እንደገና እየው እስኪ። ወንድምና እህት ቁጭ ብለው ፍሬ እየተፉ እንደ ልጅ ይፎካከራሉ፣ እሷ ስለ ድሮ ፍቅሩ ትጠይቀዋለች። ሊሞት መሆኑን ታውቃለች፣ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል፣ አፋቸው ውስጥ ግን ሀብሀብ ነው ያለው። እኔ እዚህ ጋ ነው መጀመሪያ የነቃሁት።

ለማንኛውም ማታ ደክሞህ አትክፈተው፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠው። ዝናብ ላይ በአንድ ጃንጥላ የሚሄዱበት ሲን ይመጣል፣ ፊታቸውን ተወውና ትከሻቸውን እይ። እሱን አይተህ ምንም ካልተሰማህ ዝጋው፣ ይሄ ፊልም ያንተ አይደለም ማለት ነው፣ አንጣላም። እኔም ሰው ሁሉ የሚሞትላቸው ግን ሦስት ኤፒሶድ ማለፍ ያቃተኝ ድራማዎች አሉ፣ ስማቸውን ብጠራ ግን ይሄን ዓምድ ታዘጉብኛላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የ63 ዓመት ሰው ነኝ፣ የኮሪያ ፊልም ያስለመደችኝ ልጄ ናት። ይህን ፊልም አብረን አየነው። ልጁ አባቱን የቪዲዮ ዴክ አጠቃቀም ሲያሳያቸው የሚናደደው ነገር አልገባኝም፣ ክፉ ልጅ አይደለም እኮ። ሌላው፣ መጨረሻ ላይ ለምን ራሱን ፎቶ ያነሳል? ልጄን ብጠይቃት "አባዬ ራስህ አስበው" ብላ ትታኝ ወጣች።
የልጄ ተማሪ

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት የእርስዎን ነው። ልጅዎ ትታዎት የወጣችው ዓይኗን ልትጠርግ ይመስለኛል።

አባትየው (ሺን ጉ የሚባሉ አንጋፋ ተዋናይ ናቸው) ካሴት ማጫወት አይችሉም። እስከዛሬ ልጃቸው ነው የሚያደርግላቸው። ጆንግወን ሪሞቱን ይሰጣቸውና ይሄን ይጫኑ፣ ከዛ ይሄን፣ ይላል። ይሳሳታሉ። ይደግምላቸዋል። ይሳሳታሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሳሳቱ ተነስቶ ጥሏቸው ይሄዳል። አንድ ሰው ለአባቱ ሪሞት ሲያስረዳ ትዕግስቱ ቢያልቅ ምን ይገርማል፣ በየቤቱ ያለ ነው። እዚህ ግን ልጁ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ስሄድ ይሄን ማን ሊያደርግላቸው ነው እያለ ነው የሚያስበው፣ አባትየው በተሳሳቱ ቁጥር ያ ቀን ፊቱ ላይ ይመጣበታል። ንዴቱ በሳቸው ላይ አልነበረም፣ ማውረጃ ሌላ ቦታ ስላጣ ነው እንጂ። ከዛ በኋላ ምን እንዳደረገ አይተዋል፣ ወረቀት አውጥቶ አንደኛ ይሄ፣ ሁለተኛ ይሄ፣ እያለ በትላልቁ ይጽፍላቸዋል። የፎቶ ማጠቢያ ማሽኑንም እንደዚሁ። እኔ በፊልም ታሪክ ካየኋቸው የፍቅር ደብዳቤዎች ውስጥ አንዱ ይሄ የሪሞት መመሪያ ነው ብል ይስቁብኛል?

በነጎድጓዱ ሌሊት ትራሱን ይዞ አባቱ ጎን ሄዶ የሚተኛውስ? ሌላ ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ አባትየው ከበሩ ውጪ ሆነው ይሰማሉ፣ አይገቡም። አባት ስለሆኑ ለምን እንዳልገቡ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ኮሪያ ውስጥ ሰው ሲሞት ለቅሶው ቦታ ላይ በአበባ ተከቦ የሚቀመጥ ትልቅ ፎቶ አለ፣ ዮንግጆንግ ይሉታል፣ ሽማግሌዎች ቀደም ብለው አምሮባቸው እያሉ መነሳታቸውም የተለመደ ነው። ፊልሙ መሀል ላይ ያሉትን አሮጊት ያስታውሷቸዋል? ከልጅ ከልጅ ልጅ ጋር መጥተው ይነሳሉ፣ ከዛ በኋላ ብቻቸውን የባህል ልብሳቸውን ሃንቦክ ለብሰው ተመልሰው ይመጣሉ፣ ለሞቴ መታሰቢያ ስለሆነች አሳምረህ አንሳኝ ይሉታል። እንዴት ተጠንቅቆ እንደሚያነሳቸው ይዩ፣ ፈገግ ያሰኛቸዋል፣ ቆንጆ ኖት ይላቸዋል። ሥራውን የተለማመደው እዛ ላይ ነው። በኋላ የራሱ ተራ ሲደርስ ካሜራውን አስተካክሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ መነጽሩን ያስተካክላል፣ ፈገግ ይላል፣ ምስሉ በዛው የለቅሶ ፎቶ ይሆናል። አንድ ቃል የለም።

ዳይሬክተሩ የፊልሙን ሐሳብ ያገኘው ከዚሁ ነው። ኪም ክዋንግ ሶክ የሚባል ኮሪያውያን በጣም የሚወዱት ዘፋኝ በ1996 ጃንዋሪ ላይ ሞተ፣ ሆ ጂን ሆ ለቅሶው ላይ የተቀመጠውን ፎቶ ሲያይ ሰውየው እየሳቀ ነው። ያ ሳቅ አልወጣለት አለ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ጆንግወንን እንዴት ደግ ነው ይላል። እኔ ግን ራስ ወዳድ ነው ባይ ነኝ። ለምን አይነግራትም? ልጅቷ እኮ የተዘጋ በር ላይ ስትመላለስ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ደብዳቤ ጽፎላት እንኳን አይልከውም!
ዳሪም ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽን ስጪኝ። ስለዚህ ፊልም የሚጻፈው ሁሉ "እንዳትጎዳ ብሎ ነው" "መስዋዕትነት ነው" ሲል እኔም ይጨንቀኛል። ይሄ ሰውዬ ትንሽ ፈሪ ነው ባይ ነኝ፣ ከሷ ጋር የነበረው ደስታ ሳይበላሽ እንዲቀርለት ፈልጓል፣ እሷ ግን ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ ቀረች። ለኔ ፊልሙን ትልቅ የሚያደርገው ይሄንን ማወቁ ነው፣ የሷን ጎን እንዴት እንዳሳየን ተመልከቺ።

ሆስፒታል ገብቷል፣ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል፣ አልነገራትም። ትመጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትመጣለች። ደብዳቤ ጽፋ በበሩ ስንጥቅ ታስገባለች፣ ግማሹ ሲገባ ትጸጸትና በጣቷ መልሳ ልታወጣው ትሞክራለች፣ ስትታገል ጭራሽ ወደ ውስጥ ይወድቅባታል። እዚህ ሲን ላይ ከሷ ጋር ያልተሸማቀቀ ሰው መልዕክት ልኮ ለማጥፋት ሮጦ አያውቅም ማለት ነው። ከዛ አንድ ማታ ድንጋይ አንስታ መስታወቱን ትሰብረዋለች። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ዝናብ ውስጥ ቁጭ አድርጎ ያስለቅሳት ነበር፣ ይሄኛው ድንጋይ ሰጣት።

እሱ ከሆስፒታል ሲወጣ የት እንደምትሠራ ፈልጎ ይሄዳል፣ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮቱ ያያታል፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ስትንቀሳቀስ እየተከተለ መልኳን ይዳስሳል። ወጥቶ ቢጠራት እኮ ትሰማዋለች! ስንቴ ቲቪው ላይ ጮኬያለሁ። ሰው ይሄን ሲን በጣም ሮማንቲክ ነው ይላል፣ ነውም፣ ግን እኔ በዛው ልክ ያናድደኛል፣ ሁለቱም ስሜት አብሮ ይመጣብኛል።

ደግሞ እሱም ሁሌ ጨዋ አይደለም። ሰክሮ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እኔ ለምንድነው ዝም የምለው እያለ የሚጮህበትን አትርሺ። ለጓደኛውም ልሞት ነው ብሎ ነግሮታል እኮ፣ ጓደኛው አንድ ጠርሙስ ልታስጨምረኝ ነው ብሎ ሳቀበት።

መጨረሻ ላይ በረዶ ወድቆ ዳሪም መጥታ የራሷን ፎቶ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ስታይ ፈገግ ትላለች። ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ፊልሙ አይመልስም። እኔ አታውቅም እላለሁ፣ ጓደኛዬ ታውቃለች ትላለች፣ እስካሁን አልተስማማንም።

ጥያቄ፦ ልጅቷ ሁልጊዜ "አጆሺ" ነው የምትለው፣ ሳብታይትሉ ላይ ግን አንዴ "ሚስተር" አንዴ ምንም የለም። ምን ማለት ነው? ርዕሱስ ምን ለማለት ነው፣ ገና የለበትም እኮ።
ቃል ፈላጊ

መልስ፦ አጆሺ ማለት ለማታውቀው ወይ በዕድሜ ለሚበልጥህ ወንድ የምትለው ነው፣ አማርኛ ደግሞ እድለኛ ነው፣ ጋሼ አለን። ሳብታይትሉን እየረሳህ በጋሼ እየተካህ ስማው፣ ፊልሙ ይለወጥብሃል። መጀመሪያ ላይ ጋሼ ስትለው መራቋ ነው። ከዛ እየቀለደች ጋሼ ትለዋለች፣ እኔን ባየህ ቁጥር ለምን ትስቃለህ ትለዋለች። አንድ ማታ እየሸኛት ስለ ወታደርና ስለ ፈስ የማይረባ የመናፍስት ወሬ ሲያወራላት ፈርታ ይሁን ፈርቻለሁ ብላ ክንዱን ታቅፈዋለች፣ ከዛ በኋላ ያለው ጋሼ ሌላ ቃል ነው። ስሙን አትጠራውም፣ እኔ የምትወደው መሆኑን የሰማሁት በዛች ቃል ነው።

ርዕሱ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ኮሪያ ኦገስት ወበቁ የሚያፍንበት ወር ነው፣ ገና ደግሞ በረዶ። ፊልሙ በጋ ላይ ይጀምርና ክረምት ላይ ያልቃል፣ በማይሆን ወር የመጣ ስጦታ ማለት ይመስለኛል። በክሬዲቱ ላይ የሚሰማውን ዘፈን የሚዘፍነው ራሱ ሃን ሶክ ክዩ ነው፣ ቶሎ ዘግተህ አትውጣ።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤቱ የእውነት አለ?
መንገደኛ

መልስ፦ አለም የለምም። ጉንሳን የምትባል በምዕራብ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ናት፣ ለቀረጻው ሲሉ አንድ ጋራዥ ወደ ፎቶ ቤት ቀየሩት፣ ቾወን ፎቶ ቤት አሉት፣ ስሙንም ያመጣው ሃን ሶክ ክዩ ነው፣ በልጅነቱ ሰፈሩ ውስጥ የነበረ ፎቶ ቤት ስም ነው። ሲጨርሱ አፈረሱት። በኋላ ሰው እየመጣ የት ነው ሲል ከተማው መልሶ ሠራው፣ አሁን ይጎበኛል። ጃፓኖችም በ2005 ፊልሙን በራሳቸው ቋንቋ ደግመው ሠርተውታል፣ አይቼዋለሁ፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሺም ኡን ሃ የለችበትም።

ጥያቄ፦ አይቼ ጨረስኩ፣ ሁለት ቀን ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። እንደሱ የሆነ ሌላ አለ? ግን እባክሽ ሰው የማይሞትበት።
ዓይኔ ያበጠ

መልስ፦ አለልሽ፣ እዛው ዳይሬክተር ጋ። "ዋን ፋይን ስፕሪንግ ዴይ" ይባላል፣ 2001። ድምፅ የሚቀዳ ልጅ አለ (ዩ ጂ ቴ)፣ የሬዲዮ ፕሮግራም የምትሠራ ሴት አለች፣ ሊ ዮንግ ኤ ናት፣ አዎ የዴ ጃንግ ጉሟ፣ ከዛ ድራማ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። አብረው እየዞሩ የቀርከሃ ጫካ ሲነፍስ፣ የቤተ መቅደስ ደወል በንፋስ ሲነካ፣ ወንዝ ሲወርድ ይቀዳሉ። ኸድፎን አድርገሽ እዪው፣ ያለሱ ግማሹ ያመልጥሻል። ሰው በፍቅር ምክንያት አይሞትም፣ ፍቅሩ ራሱ ነው ቀስ እያለ የሚያልቀው፣ ልጁ እንዴት ፍቅር ይቀየራል ብሎ ይጠይቃታል፣ መልስ አታገኝለትም። እንግዲህ ከሞቱ ይሄ ይቀላል ብለሽ እንዳትመጪ፣ አልጠየቅም።

ታዋቂዋ "ራምዮን (የኮሪያ ኢንዶሚ በይው) በልተህ ትሄዳለህ?" የምትባለው አባባልም የመጣችው ከዚሁ ፊልም ነው፣ ቤቷ ድረስ ሲሸኛት "ራምዮን ትበላለህ?" ትለዋለች፣ ከዛ በኋላ ኮሪያ ውስጥ ራምዮን ግባና ብላ ማለት እኔ ጋ እደር ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ኮሪያዊ ጓደኛ ካለሽ ዝም ብለሽ ራምዮን እንዳትጋብዢው።